የእማማ መነጽር

መነጽሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ፍሬሙ ቡናማ ነው፤ የግራ እግሩ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። እናቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዋ ሲከፋፈል "አንቺስ ምን ትወስጃለሽ?" አሉኝ። ሳላስብ ያነሳሁት እሱን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ ዓይን አይሆን፣ ለማንም አይሆን። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ፣ ሌሊት ላይ፣ ፈጽሞ ካላሰብኩት ቦታ አገኘሁት። ዓመት ሊሞላው ነው። በዓሉ እንደገና እየመጣ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

## የጫማ ካርቶኑ

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ትልቋ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ሦስት አልሞላውም። እነሱ "እማማ" የሚሏት እናቴ ያረፈችው ከዚያ ፋሲካ አራት ወር ቀደም ብላ ነው።

እንደ ብዙ ወላጅ እኔም አንድ ፍርሃት አለኝ። በዓል ለልጆቼ አዲስ ልብስና አምሽቶ መተኛት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። አድገው "ፋሲካ ምን ነበር?" ሲባሉ የሚያስታውሱት የጫማቸውን ቀለም እንዳይሆን። ስለዚህ በዚያ ዓመት ቆርጬ ተነሳሁ። የጫማ ካርቶን ግራጫ ቀለም ቀብቼ መቃብር አደረግኩት። ጋዜጣ ጨባብጬ፣ በሙጫ አጣብቄ፣ ክብ ድንጋይ ሠራሁ። ከልጄ አሻንጉሊቶች ትንሹን መረጥን። መግነዙ ከመድኃኒት ሳጥን የወጣ ፋሻ ነው።

ከሆሳዕና ጀምሮ በየማታው ከታሪኩ አንድ አንድ ቁራጭ እየነገርኳቸው ሄድን። እሁድ አህያዋን። ሐሙስ እግር ማጠቡን። ሳፋ አምጥቼ የሁለቱንም እግር አጠብኩ፤ ትንሹ ውሃውን ገልብጦ ምንጣፉን አራሰው። ቀጥሎ ልጄ "አሁን አንቺ" አለችና እግሬን ይዛ ማጠብ ጀመረች። ትንሽ እንደቆየች "እማዬ፣ ተረከዝሽ ይሻክራል" አለችኝ። ጴጥሮስ "እግሬን አታጥብም" ብሎ ለምን እንደተሟገተ ያን ማታ ትንሽ ገባኝ።

ጥያቄውም አይጠፋም። "የእኔ ልደት ሁልጊዜ አንድ ቀን ነው፤ ፋሲካ ለምንድን ነው ቀኑ የሚቀያየረው?" ጉረኛ ሆኜ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ጨረቃ ነገርኳት፣ ስለ ፀደይ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ክርስቲያኖች ሁሉ በአንድ እሁድ እንዲያከብሩ እንደተስማሙ፣ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በብዙ ዓመት እንደማይገጥም። እኔ ነኝ የሰማሁት። እሷ ኒቅያ ሳልደርስ ተኝታለች።

ዓርብ ላይ ግን አጭበረበርኩ። "ሞተ፣ ግን አይዟችሁ፣ እሁድ ይነሳል!" አልኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው፣ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነበር። አሁን ሳስበው የተጨነቅኩት እኔ ነኝ። በቤታችን አራት ወር ሙሉ "ሞተ" የሚለውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም ነበር። አሻንጉሊቱን ጠቀለልን፣ አስገባን፣ ድንጋዩን ገጠምን፣ ወደ መኝታ።

አስቀድሜ ስለ እሁዱም ነግሬያቸው ነበር፤ ያ ሁሉ ሩጫ ወደዚያ ለመድረስ አይደል? ዮሐንስ የጻፈውን ያን ትንሽ ዝርዝር እወደዋለሁ። ጴጥሮስ መቃብሩ ውስጥ ሲገባ የተልባ እግሩ ልብስ አለ። በራሱ ላይ የነበረው ጨርቅ ግን ለብቻው ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ልጄ ይህን ስትሰማ በጣም ተገረመች። "ሲነሳ አልጋውን አነጠፈ ማለት ነው?" አለች። ጠዋት ጠዋት አልጋ ላይ የምንጨቃጨቀው ትዝ አለኝና "ይመስለኛል" አልኳት።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ሌሊት አሻንጉሊቱን አወጣለሁ፤ ፋሻውን አጣጥፌ እተወዋለሁ። ጠዋት ሮጠው መጥተው ባዶውን ያገኙታል።

## ቅዳሜ ማታ

ቤቱ ፀጥ እስኪል ጠበቅኩ። ካርቶኑ ሳሎን ጥግ ላይ ነበር። ድንጋዩን ገለል አድርጌ እጄን ሰደድኩ። መጀመሪያ የነካሁት የትንሹን መኪና ነው። እሱ አልገረመኝም። ያ ልጅ ክፍት ቦታ ካገኘ ጋራዥ ነው የሚያደርገው። ቀጥሎ የነካሁት ግን ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ነበር። መስታወት።

የእናቴ መነጽር ነው። እግሮቹ በጥንቃቄ ታጥፈዋል። ከአሻንጉሊቱ ራስጌ፣ ልክ እናቴ ስትተኛ ራስጌዋ ላይ እንደምታደርገው፣ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ጨዋታ መሰለኝ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ የሆነው ትዝ አለኝ። ወጥቼ ስገባ፣ ስጣደፍ፣ ልጄ ከኋላዬ እየተከተለች "እማዬ፣ እማማ ያለ መነጽር ታያለች?" ብላኝ ነበር። "የት ታያለች! በሩን እንኳ አታይም" ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ። ለምን እንደጠየቀች አልጠየቅኳትም። አባባሉ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላል፤ እኔ ያን ቀን ለሥር ጊዜ አልነበረኝም።

ልጄ መነጽሩን ከመሳቢያው አውጥታ እዚያ ያስቀመጠችው እናቴ ስትነሳ እንዳትቸገር ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ የሞተች ጊዜ ለልጄ የነገርናት "እማማ አረፈች" ብለን ነው። ቋንቋችን ለሞት የለሰለሰ ቃል አያጣም። አረፈች፣ ተለየችን፣ ሄደች። ለትልቅ ሰው ይገባዋል። የአምስት ዓመት ልጅ የምታውቀው ማረፍ ግን ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለትን ነው። ያኔውኑ "አርፋ ስትጨርስስ?" ብላኝ ነበር። ወሬ ቀየርኩ። ቀብሩ ላይም አልነበረችም፤ ትደነግጣለች ብለን ሰው ጋ ተውናት። አሁን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ፣ በካርቶንና በሙጫ፣ የሞተ ሰው እሁድ ጠዋት እንደሚነሳ አስተማርኳት። ያረፈ ሰው አለ፤ የሚነሱበት ቀን ደርሷል። ታዲያ ልጅቷ ምን ታስብ?

ያ መነጽር እጄ ላይ ሆኖ ምን ላድርገው? አውጥቼ ብደብቀው ጠዋት ስታጣው "እማማ ተነስታ ወስዳዋለች" ትላለች። ከዚያ ቤቱን ሙሉ ትፈልጋታለች። በነበረበት ብተወው "እማማ አልተነሳችም፤ ኢየሱስ ተነስቶ እሷን ትቷት ሄደ" ልትል ትችላለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያ የተጠመጠመው ጨርቅ ነው። የተነሳ ሰው ዕቃውን አስተካክሎ ትቶ እንደሚሄድ እኔው ነግሬያታለሁ። መነጽሩን ስታየው "ትታው ሄዳለች" ብትልስ? በየትኛውም መንገድ ባስቀምጠው የሚናገረው ውሸት ነው።

ቢጨንቀኝ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። በእንቅልፍ ዓይኑ መጥቶ መነጽሩን አየ። ቆሞ ቆየ።

"ንገሪያታ" አለ።

"ምን ብዬ?"

"እኔ እንጃ።"

አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ለነገሩ ከዚያ የተሻለ መልስ ከማንም አላገኘሁም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ያወቅኩት ይህን ነው። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ የእናቴን ሞትና ፋሲካን አንድም ጊዜ አንድ ላይ አላሰብኳቸውም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ባዶ መቃብር ሳወራ፣ እናቴ ያለችበት መቃብር አንዴም ትዝ አላለኝም። ትንሣኤ በአንድ መሳቢያ ነው፤ የእናቴ መነጽር በሌላ። ልጄ ናት ከአንዱ አውጥታ በሌላው ውስጥ ያስቀመጠችው።

"የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ጥሬ አንዱ ብስል" ይባላል። ስንተርት ጥሬውን ለማሳየት ነው፤ ብስሉን ቆም ብለን አንቆጥርም። ጥሬው "እማማ ነገ ትነሳለች" ያለችው ነው። ብስሉስ? ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ያ ረጅም ምዕራፍ፣ አሥራ አምስተኛው፣ የተጻፈው በእኔ ዓይነት ሰው ምክንያት ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች የክርስቶስን መነሳት አልካዱም። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የካዱት የሌሎችን ሙታን መነሳት ነው። አንዱን ይዘው ሌላውን ተዉ። ሙታን የማይነሱ ከሆነማ ክርስቶስም አልተነሳም፣ እምነታችሁም ከንቱ ነው ይላቸዋል፤ ሁለቱን መለያየት አይቻልም። ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በእናቴ ቀብር ላይም ተነቧል። እኔ ግን ያን ቀን የማስበው ሌላ ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ምን እንደሚቀመጥበት ሁሉ ሳስብ ነበር።

## "ገና ነው"

ሌሊቱን የወሰንኩት ትንሽ ነገር ነው። አሻንጉሊቱን አወጣሁ። ፋሻውን አጠፍኩ። መነጽሩን በነበረበት መለስኩ። መኪናውንም ተውኩት። ከዚያ ብርድ ልብስ ይዤ ካርቶኑ አጠገብ ሶፋው ላይ ተኛሁ። ማንም ከፍቶ ብቻውን እንዳያገኘው። ይህን ያህል ብቻ ነው የታየኝ፤ ዕቃው ምንም ቢናገር፣ ስትሰማው አጠገቧ ልሁን።

ጠዋት መጀመሪያ የደረሰው ትንሹ ነው። ድንጋዩን ወርውሮ እጁን ከተተና "መኪናዬ ተነሳ!" ብሎ ጮኸ። በቤታችን የመጀመሪያው የትንሣኤ ብሥራት ይህ ነበር። እሱ መኪናውን እየነዳ ሄደ።

ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። ፋሻውን ነካ አደረገችው። መነጽሩን አወጣችና ይዛው ቆመች።

"እማማ አልወሰደችውም" አለች።

ሌሊት ያዘጋጀኋቸው ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ጠፉብኝ። "አልወሰደችውም" አልኳት።

"ለምን?"

"እማማ ስለሞተች።" ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት። "አርፋለች ያልንሽ ጋደም እንደማለት አይደለም። ሞታለች። ሰውነቷ አይሠራም፣ አይነሳም፣ በሩን ከፍታ አትመጣም። ያኔ በደንብ ስላልነገርኩሽ ይቅርታ።"

ፊቷን እያየሁ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። የምታስብ ትመስላለች።

"ኢየሱስ ግን ተነሳ።"

"ተነሳ።"

"እማማስ?"

"እሷም ትነሳለች ብለን እናምናለን። ግን ገና ነው።"

ዓይኗ በራ። "ለገና ነው የምትነሳው?"

አይ አማርኛ። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። ከበሩ ጋ ቆሞ የነበረው ባለቤቴ ፊቱን አዞረ። "የገና በዓል አይደለም" አልኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ። "ገና ማለት... አልደረሰም ማለት ነው።"

"ተራዋ አልደረሰም?"

ይህን ያለችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። እሷ ስለ ተራ ጠንቅቃ ታውቃለች። የሚማሩበት ግቢ ያለው ዥዋዥዌ አንድ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ይዛብን የምትመጣው ክስ ማን የማንን ተራ እንደወሰደ ነው። "አዎ" አልኳት። "ተራዋ አልደረሰም።"

"ኢየሱስ ነው አንደኛ?"

"እሱ ነው አንደኛ።"

"ሰልፉ ረጅም ነው?"

"ረጅም ይመስለኛል። እኔ እንጃ።"

በኋላ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ያን ምዕራፍ እንደገና ከፈትኩት። ክርስቶስ ላንቀላፉት በኩራት ሆኖ ተነሳ ይላል። በኩራት የመጀመሪያው ፍሬ ነው፤ ቀሪው አዝመራ እንደሚከተል የሚያሳውቅ። ልጄ ስለ አዝመራ አታውቅም። ትንሽ ዝቅ ስል ግን "እያንዳንዱ በራሱ ተራ ይሆናል" የሚል አገኘሁ። ተራ! እዚያው ነበር። ቃሉን ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። "እያለቀስሽ ነው?" አለችኝ።

"አዎ። ናፍቃኝ ነው።"

"እኔም" አለች። ከዚያ ሶፋው ላይ ወጣችና መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። ሁሉም ነገር ደበዘዘ። ልጄ ሁለት ሆና ታየችኝ። እንደዚያው ሆነን ትንሽ ቆየን።

## የዘለልነው ቀን

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ቅዳሜ ነው። እኛ ወላጆች ታሪኩን ስንናገር ከዓርብ ወደ እሁድ እንዘላለን። ወንጌሎቹም ስለ ቅዳሜ ብዙ አይሉም። ሉቃስ ሴቶቹ ሽቶና ቅባት አዘጋጅተው "በሰንበትም እንደ ትእዛዙ ዐረፉ" ይላል፤ በቃ። ያቺ "ዐረፉ" የምትለው ቃል አሁን ሳነባት ታስቆመኛለች። እነዚያ ሴቶች ያን ቀን ምን ዓይነት ዕረፍት አረፉ? እሁድ የሚሆነውን አያውቁም። ቅባት ያዘጋጁት ለሬሳ ነው። በነጋታው ሮጠው ሲናገሩ እንኳ ሐዋርያቱ ነገሩ ቅዠት መስሏቸው አላመኗቸውም። እኛ ለልጆቻችን ስንነግር ይህን ሁሉ እንዘለዋለን፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ያወቀ ይመስል።

ቃሉን ስለማለስለስም ቢሆን ከእኔ በፊት የተቸገሩ አሉ። ኢየሱስ "ወዳጃችን አልዓዛር ተኝቷል" ሲል ደቀ መዛሙርቱ ልክ እንደ ልጄ ነው የተረዱት። ተኝቶ ከሆነማ ይድናል አሉ። ያኔ ነው በግልጥ "አልዓዛር ሞተ" ያላቸው። ቃሉን አውጥቶ ተናገረው። ከዚያ መቃብሩ ጋ ሳይደርስ አለቀሰ። ሊያስነሳው እየሄደ፣ ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ። ይህን ቦታ ድሮ ሳነበው አይገባኝም ነበር። ካወቀ ለምን ያለቅሳል? አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። "ትነሳለች" ማለትና "ናፍቃኛለች" ብሎ ማልቀስ አንዱ ሌላውን የሚሽር ለምን መሰለኝ? ልጄ ፊት እንዳላለቅስ አራት ወር የታገልኩት እምነቴን እንዳትጠራጠር ብዬ ነበር። ስታየኝ ግን ያለችው "እኔም" ነው።

ለልጅ ሁሉም ነገር ይነገር ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ቶሎ እንዳልፈርድ የሚያደርገኝ ሰው ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረ ሰባኪ ሆኖ ልጅ አስተዳደግ ላይ የሰጠው ምክር የዛሬ ይመስላል። አባት ለልጁ ማታ ማታ የቃየንና የአቤልን ታሪክ ይንገረው ይላል፤ እያጣፈጠ፣ ሌላ ቀን ደግሞ "እስቲ አንተ ንገረኝ" እያለ። ኋላ ልጁ ያንኑ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሲሰማ፣ እኔ አውቀዋለሁ ብሎ በደስታ ይዘላል። የሚያስፈራውን ግን በዕድሜ ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል። ስለ ገሃነም ለመንገር አሥራ አምስት ዓመት ይሙላው ይላል። ደስ የሚለኝ ግን፣ ለትንሽ ልጅ ይጀመርበት ብሎ የመረጠው የቃየንና የአቤል ታሪክ ራሱ ሞት ያለበት መሆኑ ነው። ሞትን አልደበቀም። መጠኑን ነው ያየው።

ሌላዋ ኤጌርያ ናት። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ኢየሩሳሌም ተሳልማ ያየችውን ለእኅቶቿ የጻፈች ሴት ናት። የሆሳዕና ዕለት ሕዝቡ ከደብረ ዘይት ተራራ ሲወርድ የአካባቢው ሕፃናት ሁሉ አብረው ነበሩ ትላለች። መራመድ የማይችሉትን ወላጆቻቸው ትከሻቸው ላይ አድርገዋቸዋል፤ ሁሉም ዘንባባ ወይም የወይራ ዝንጣፊ ይዘዋል። ሰው እንዳይደክም ቀስ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት። እስከዚህ ድረስ ማናችንም እናደርገዋለን፤ ልጅ ትከሻ ላይ፣ ዝንጣፊ በእጅ፣ ፎቶ። ስለ ዓርቡ የጻፈችው ነው የሚለየው። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የመከራው ታሪክ ሲነበብ ትልቅም ሆነ ትንሽ ያላለቀሰ የለም ትላለች። ትንሽም። ልጆቹን ለደስታው ቀን አምጥተው ለዓርቡ ሰው ጋ አልተዉአቸውም።

እኔ ነኝ ሰው ጋ የተውኳት። "ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ" እንላለን። ፋሲካን የወደድኩት ግን ንፍጡን ጠርጌ፣ ሌላ ክፍል ደብቄ ነበር።

ኦሪት ዘፀአት ላይ ደግሞ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። የመጀመሪያው ፋሲካ ሥርዓት ሲሠራ፣ ገና ከግብፅ ሳይወጡ፣ የልጆች ጥያቄ አብሮ ተሠርቶ ነበር። ልጆቻችሁ "ይህ አምልኮ ለእናንተ ምንድን ነው?" ሲሏችሁ እንዲህ በሏቸው ይላል። እስከ ዛሬም አይሁድ ቤት በፋሲካ ማታ ጥያቄውን የሚጠይቀው በልማድ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ልጅ ነው። እኔ ስዘጋጅ የነበረው "ይህ ምንድን ነው?" ለሚለው ነው። ለእሱ ካርቶን አለኝ፣ ሙጫ አለኝ፣ ኒቅያ አለኝ። "ለእናንተ" የምትለዋን አላየኋትም። ልጄ ያስቀመጠችው መነጽር ግን የጠየቀው እሷኑ ነበር። አንቺ እናትሽ የሞተችብሽ ሴት፣ ይህ ለአንቺ ምንድን ነው?

ለዚያ ያለኝ መልስ "ገና ነው" ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ አልጨመርኩበትም። ሌሊት ሌሊት የማልጠራጠር አይምሰላችሁ። አንዳንዴ ልጄ ስለ ሰልፉ ስትጠይቀኝ በእርግጠኝነት እመልስና ከክፍሏ ስወጣ በሩን ይዤ እቆማለሁ፤ ያልኩትን እኔ ራሴ እንደማምነው ለማጣራት ይመስል። አንዳንድ ቀን አዎ ነው። አንዳንድ ቀን እሷ ስለምታምን እኔ የማምን ይመስለኛል። ይህ እምነት ማስተላለፍ ከተባለ፣ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ ግራ የሚያጋባኝ ጊዜ አለ።

## ዘንድሮ

ከፋሲካው በኋላ መቃብሩን ለማየት ይዣት ሄድኩ። ብዙ አልቆየንም። ድንጋዩን አየችና "ይሄ ከእኛ ካርቶን ይከብዳል" አለች። ከዚያ በሚቀጥለው መቃብር ላይ የምትሄድ ጉንዳን አገኘችና እሷን ተከተለች። እኔ ትልቅ ነገር ይሆናል ብዬ መሀረብ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ባለፈው ሳምንት ካርቶኑን ከቁም ሳጥን በላይ አወረድነው። ጎኑ ተቀዷል፤ ቀለሙም ረግፏል። አዲስ እንሥራ ብል እምቢ አሉኝ። ትንሹ አሁን አራት ሊሆነው ነው፤ ዘንድሮ ሁለት መኪና አዘጋጅቷል። ዓርብ ላይ እንዳልሮጥ ለራሴ ነግሬያለሁ። ምን እንደምል ግን እስካሁን አላውቅም።

መነጽሩ ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው የከረመው። ትንሹ አነሳውና "የማን ነው?" አለ። እማማን አያስታውሳትም።

"የእማማ ነው። ስጠኝ፣ ጣትህ ያቆሽሸዋል" አለችው እህቱ። ተቀበለችውና በቀሚሷ ጫፍ አንዱን መስታወት፣ ቀጥሎ ሌላውን ወለወለች። ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃኑ አየችው። አላረካትም መሰለኝ፣ እፍ ብላበት እንደገና መወልወል ጀመረች።